ሕንፃው ስማርት ሲሆን ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቦሌ አካባቢ ባለ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ 120 ካሬ ቢሮ ተከራይተን የሒሳብና የትራንዚት ሥራ እንሠራለን፤ 14 ሠራተኞች ነን። ኪራዩ በካሬ 800 ብር ነው። መብራት በወር 6,500 ብር አካባቢ፣ ከጄኔሬተር የሚደርስብን ደግሞ 4,000 ብር ገደማ ነው። አከራያችን ሕንፃውን ስማርት ላደርገው ነው ብሎ ደብዳቤ ጽፎልናል። የመግቢያ ካርድና የጣት አሻራ፣ ሴንሰር ያላቸው መብራቶች፣ ዲጂታል ቆጣሪ፣ በሞባይል የሚታይ መቆጣጠሪያ ይገባል። ውሉ ሲታደስ ኪራዩ 12 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ በካሬ 60 ብር የቴክኖሎጂ ክፍያ በየወሩ እንድንከፍል ተጠይቀናል። በመብራት ቁጠባ ታካክሱታላችሁ ይላል። እውነት ነው?»

አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አሁን የሚከፍሉት ኪራይ በወር 96,000 ብር ነው። 12 በመቶው 11,520 ብር ይሆናል። የቴክኖሎጂ ክፍያው 7,200 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ቫት ሳይታሰብ 18,720 ብር ይመጣል። መብራትና ጄኔሬተር አንድ ላይ የሚወስዱብዎት ግን 10,500 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አንድ አምፖል ባያበሩ፣ ጄኔሬተሩም ዓመቱን ሙሉ ባይነሳ እንኳ፣ በየወሩ 8,220 ብር ከኪስዎ ይወጣል። የኪራዩን ጭማሪ ትተን የቴክኖሎጂ ክፍያውን ብቻ ብንወስድ፣ እሱን ለማካካስ ከመብራትና ከጄኔሬተር ወጪዎ ወደ 69 በመቶ የሚሆነው መቀነስ አለበት። እንዲህ ዓይነት ቅነሳ የሚያመጣ መቆጣጠሪያ በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የለም።

ምክንያቱ የአየሩ ጠባይ ነው። ስማርት ሲስተም የሚሸጡ ድርጅቶች የሚያሳዩት የቁጠባ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማቀዝቀዣና ከማሞቂያ ነው። ዱባይ ላይ የአንድ ቢሮ ዋናው የኤሌክትሪክ ወጪ ማቀዝቀዣ ስለሆነ፣ ሰው የሌለበትን ክፍል ማቀዝቀዝ ማቆም ብቻውን ትልቅ ገንዘብ ያድናል። የሰሜን አውሮፓ ቢሮም በክረምት ማሞቂያው ላይ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መስኮት ከፍቶ መሥራት የሚቻልባት። እርስዎም በደብዳቤዎ ማቀዝቀዣ አላነሱም። ስለዚህ የዱባዩን የቁጠባ መቶኛ አምጥቶ አምስተኛ ፎቅ ላይ ላለ የቦሌ ቢሮ ተስፋ አድርጎ መስጠት ተከራይን ማሳሳት ነው።

የቀረው መብራት ነው፤ እዚያም ላይ ልብ ብለው ይዩ። ቢሮዎ ውስጥ ባለሁለት ዘንግ የድሮ ፍሎረሰንት 24 ቦታ ላይ አለ እንበል። ከነባላስቱ (ዘንጉን ከሚያስነሳው መሣሪያ ጋር) እያንዳንዱ 80 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢበራ 480 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ዘንጎቹን አውጥተው በእያንዳንዱ ላይ በድምሩ 36 ዋት በሚወስድ ኤልኢዲ ቢተኩት ወደ 216 ይወርዳል። 264 ኪሎዋት ሰዓት አተረፉ ማለት ነው፤ ያለ አንድ ሴንሰር። አሁን ሴንሰሩን ይጨምሩበት። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ያለበት ቢሮ ስለሆነ ሴንሰሩ የሚያጠፋው ስብሰባ ክፍሉን፣ መጸዳጃ ቤቱንና ኮሪደሩን ነው። ለጋስ ሆነን ከቀረው ሩቡን ይቆጥባል ብንል 54 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከጠቅላላው ቁጠባ አራት አምስተኛ በላይ የሚመጣው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ቅዳሜ ጨርሶት ከሚሄደው የዘንግ ቅያሪ ነው። ቢሮዎ ቀድሞውኑ ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ አከራዩ ቃል የገባልዎት ቁጠባ አብዛኛው አሁንም በእጅዎ ያለ ነው።

ይህን ስል ቴክኖሎጂውን እንዲጠሉት አይደለም። በሥራዬ ብዙ ሕንፃዎችን አያለሁ፤ እዚህ አገር በእውነት ገንዘብ የሚያድን መቆጣጠሪያ አለ። የሚያሳዝነው ሻጮቹ ብዙ ጊዜ የማያነሱት እሱ መሆኑ ነው። አንደኛው ጄኔሬተሩ ነው። ናፍጣ ጄኔሬተር በአቅሙ ልክ ሲጫን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ገደማ ይበላል። ትልቅ ጄኔሬተር በሩብ አቅሙ ሲሠራ ግን ከ0.4 ሊትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ሞተሩም በካርቦን ይታፈናል። ብዙ ሕንፃ ላይ የተገዛው ጄኔሬተር ከሚያስፈልገው በላይ ነው። መብራት ሲጠፋ አንድ ሊፍት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን የሚያቆም፣ የውሃ ፓምፑን የሚያዘገይ፣ እንደ ጭነቱ ከሁለት ጄኔሬተሮች ትንሹን የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ ካለ የናፍጣው ሒሳብ ላይ በቀጥታ ይታያል። ሁለተኛው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሕንፃው የሚኖረው በታንከር፣ በሮቶና በፓምፕ ነው። የውሃውን ከፍታ የሚያይና ሌሊት ማንም በሌለበት ሰዓት ውሃ ሲወርድ የሚያሳውቅ መሣሪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ አንድ የሚያፈስ የመጸዳጃ ቤት ታንክ ወሩን ሙሉ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን ያስቀራል። አከራይዎ ዝርዝር ሲያቀርብ እነዚህ ሁለቱ ውስጡ መኖራቸውን ይጠይቁ። ከሌሉ፣ የተገዛው ነገር ለሕንፃው ችግር ታስቦ አይደለም።

ዲጂታል ቆጣሪው ከተዘረዘሩት ሁሉ ይበልጥ ለእርስዎ የሚጠቅምዎ ነው። አሁን የጄኔሬተሩ ሒሳብ የሚደርስብዎት በካሬ ተካፍሎ ከሆነ፣ ታችኛው ፎቅ ላይ ምድጃና ፍሪጅ ያለው ካፌ የሚያቃጥለውን ናፍጣ አብረው እየከፈሉ ነው። ለየተከራዩ ቆጣሪ መግባቱ ይህን ያቆማል። ነገር ግን ቆጣሪው ሁለት ሒሳብ ለየብቻ የሚይዝ መሆን አለበት። ከመብራት ኃይል መስመር የተጠቀሙት በአንድ መዝገብ፣ ከጄኔሬተር የተጠቀሙት በሌላ። ይህ የሚሆነው ከቼንጅኦቨሩ፣ ማለትም ሕንፃውን ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር ከሚቀይረው መሣሪያ፣ ወደ ቆጣሪው የሚሄድ የምልክት ሽቦ ሲኖር ነው። ሽቦው ካልተሳበ ቆጣሪው ሁለቱን ቀላቅሎ ይቆጥራል፤ አስተዳደሩም በየትኛው ዋጋ እንደሚያስከፍልዎት በግምት ይወስናል። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ሽቦውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ሊያሳይዎት የማይችልበት ምክንያት የለም።

ቆጣሪው በትክክል መቁጠሩንም ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። ፊቱ ላይ የምትብለጨለጭ ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ ከጎኗ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትብለጨለጭ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 1000 ወይም 1600። ከሥራ ሰዓት በኋላ የቢሮዎን ብሬከሮች በሙሉ ያጥፉና ቆመው ይመልከቱ። መብራቷ ከቀጠለች የእርስዎ ያልሆነ ነገር፣ ምናልባት የኮሪደር መብራት ወይም የጎረቤት ሶኬት፣ በእርስዎ ቆጣሪ ላይ ተገናኝቷል ማለት ነው። ከቆመች አንድ ብሬከር መልሰው ያብሩና 2,000 ዋት የሚል የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ሞልተው ይሰኩ። በስልክዎ ሰዓት ይዘው አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። 1000 በሚለው ቆጣሪ ላይ 33 ገደማ፣ 1600 በሚለው ላይ 53 ገደማ መሆን አለበት። በዚያ ሰዓት የመስመሩ ቮልቴጅ ዝቅ ካለ ቁጥሩ ትንሽ ያንሳል፤ 28 ወይም 30 ቢያገኙ አይደንግጡ። በእጥፍ ከበለጠ ግን ስህተት አለ። ከፍ ያለ ጭነት ያላቸው ቆጣሪዎች የሚሠሩት ሲቲ በምንለው፣ በሽቦው የሚያልፈውን ከረንት አሳንሶ ለቆጣሪው በሚሰጥ ቀለበት በኩል ነው። ቀለበቱ 100 በ5 (100 አምፒር ወደ 5 የሚያሳንስ) ሆኖ ሳለ ቆጣሪው ውስጥ 200 በ5 ተብሎ ከተሞላ፣ ወር በገባ ቁጥር ድርብ ይከፍላሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የስህተት ምልክት አይመጣም። ሲቲ ባለበት ቆጣሪ ላይ የብልጭታው ቁጥር ከሲቲው ምጣኔ ጋር መታሰብ ስላለበት፣ ያኔ ፈተናውን ከቴክኒሻኑ ጋር ሆነው ያድርጉት። ጥሩ አስተዳደር ደግሞ በየወሩ የተከራዮች ቆጣሪዎች ድምር ከዋናው ቆጣሪ ጋር የሚተያይበትን ሠንጠረዥ ይለጥፋል። ልዩነቱ የጋራ ቦታው ፍጆታ ነው፤ እሱ በየወሩ ከፍ እያለ ከመጣ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለበት።

በሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ጉዳይ ከገንዘብ በላይ ነው። በካርድ የሚከፈቱ በሮች አብዛኞቹ በማግኔት የተያዙ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ማግኔቱ ይለቃል፣ በሩ ይከፈታል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ለሌባ ስለሚመች ጫኚዎች ባትሪ ያስገባሉ፤ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባትሪው ማግኔቱን ይዞ ሳለ እሳት ሲነሳ ነው። በሩ ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር መያያዝ አለበት፤ ደወሉ ሲጮህ ማግኔቱ ወዲያው መልቀቅ አለበት። ከውስጥ በኩል ደግሞ የሚሰበር ወይም የሚጫን አረንጓዴ ቁልፍ መኖር አለበት፤ እሱም ኮምፒውተሩን ሳያማክር ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚቆርጥ። ይህን በወረቀት አይቀበሉ። ሥራው ተጠናቀቀ በተባለበት ቀን አስተዳደሩ ባለበት ዋናው መብራት ይጥፋ፣ የእሳት ደወሉ ይነካ፣ በየበሩ ሄደው ይግፉት። አምስተኛ ፎቅ ላይ 14 ሰው ይዞ የሚሠራ ሰው ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ካርዱን በተመለከተ፣ በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ርካሽ ካርዶች በቀላሉ ይገለበጣሉ። ማይፌር ክላሲክ የተባለውም ዓይነት በ2008 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የምስጢር ኮዱን ሰብረውታል። ከእነዚህ የተሻሉ አሉ፤ የትኛው እንደሚገባ ጽፈው ይጠይቁ። የጣት አሻራው ግን ሌላ ነገር ነው። ካርድ ቢጠፋ ይለወጣል፤ አሻራ ቢሰረቅ የሚለወጥ ጣት የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ባዮሜትሪክ መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። ሠራተኞችዎ የእርስዎ እንጂ የአከራዩ አይደሉም፤ አሻራቸውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ እናንተ ስትለቁ መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ካልመለሰ ካርዱን ብቻ እንጠቀማለን ማለት በቂ ነው። ለቢሮ በር ካርድ ይበቃል።

የሒሳብና የጉምሩክ ሰነድ የሚይዝ ቢሮ ስለሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። የሕንፃው ሲስተም ከእናንተ ኢንተርኔት ጋር በአንድ መስመር እንዳይገናኝ። አሜሪካ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ታርጌት ከተባለው የሱቅ ሰንሰለት ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የክፍያ ካርድ መረጃ የተዘረፈው፣ ሌቦቹ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራለት በነበረ ተቋራጭ የይለፍ ቃል በኩል ገብተው ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ደብዳቤው ላይ የማያዩት ትልቁ ወጪ ከዕቃው ይልቅ ከኋላው የሚመጣው ነው። ሶፍትዌሩ ዓመታዊ ፈቃድ ካለው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የታሰረ ክፍያ ምን እንደሚያደርግ በትራንዚት ሥራ ላይ ያሉት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሴንሰር ሲበላሽ ምትኩ ከውጭ ይመጣል። ሲስተሙ ከአንድ አቅራቢ ዕቃ ጋር ብቻ የሚግባባ ከሆነ ያ አቅራቢ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል። ባክኔት ወይም ሞድባስ በሚባሉት፣ የተለያዩ ድርጅቶች መሣሪያዎች በሚግባቡባቸው ክፍት ቋንቋዎች የሚሠራ ከሆነ ግን የሌላ ድርጅት ዕቃ ተገዝቶ ሊገጠም ይችላል። ሞድባስ ከ1979፣ ባክኔት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ አዲስ ነገር እየጠየቁ አይደለም። የይለፍ ቃሎቹ በአንድ ቴክኒሻን ኪስ ውስጥ ቀርተው፣ እሱ ሥራ ሲቀይር ሲስተሙ በሙሉ ተዘግቶ የሚቀርበት ሕንፃ እውነተኛ ነገር ነው፤ ተከራዮቹ ግን ክፍያውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ ሲስተሙ በወር ውስጥ ከተወሰነ ቀን በላይ ካልሠራ የዚያ ወር የቴክኖሎጂ ክፍያ አይከፈልም።

ሲስተሙ የአከራዩን ወጪ የሚቀንስበት ቦታም አለ። ቆጣሪ አንባቢ አያስፈልገውም፤ በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ይቀንሳል፤ ጄኔሬተሩ በከንቱ አይነሳም። ያ ቁጠባ በጋራ አገልግሎት ክፍያው ላይ መታየት አለበት። ያለፈውን ዓመት የጋራ ወጪ ዝርዝርና የሚቀጥለውን ዓመት ግምት ጎን ለጎን አድርጎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁት።

ታዲያ ፍትሐዊው ክፍያ ስንት ነው? ኒውዮርክ ይህንኑ ጥያቄ በ2011 እ.ኤ.አ. መልሳለች። እዚያም ችግሩ አንድ ነበር፤ ለማሻሻያው ገንዘብ የሚያወጣው አከራይ ነው፣ በመብራት ሒሳብ የሚጠቀመው ተከራይ ነው፣ ስለዚህ አንዱም አይነካውም፤ ወይም አከራዩ የሠራውን ሁሉ በተከራዩ ላይ ይጭናል። የከተማዋ አስተዳደር ከአከራዮችና ከተከራዮች ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የውል አንቀጽ፣ አከራዩ ከተከራዩ በዓመት መሰብሰብ የሚችለውን ገለልተኛ መሐንዲስ ከገመተው ቁጠባ በ80 በመቶ ገደበው። ቀሪው 20 በመቶ ግምቱ ባይሳካ ተከራዩን የሚጠብቅ ነው። መጀመሪያ የተሠራበትም ሰባት ወርልድ ትሬድ ሴንተር ላይ፣ በአከራዩ ሲልቨርስታይንና በተከራዩ አንድ የሕግ ቢሮ መካከል ነው። አከራዩ ወጪውን ይመልሳል፣ ትንሽ ዘግይቶ፤ ተከራዩ ከሚያተርፈው በላይ አይከፍልም።

በእርስዎ ቁጥር እናስላው። ሲስተሙ መብራትንና ጄኔሬተርን አንድ ላይ ሩብ ያህል ይቀንስልዎታል ብለን እንቀበል፤ ለእኔ ይህ ከፍ ያለ ግምት ነው። 2,625 ብር ይሆናል። 80 በመቶው 2,100 ብር፣ በካሬ 17 ብር ከ50። አከራይዎ የጠየቀው 60 ነው። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በካሬ ከ17 ብር አላልፍም፤ እሱም ቁጠባው በቆጣሪ ከታየ በኋላ የሚጀምር፣ የዕቃው ዋጋ ሲመለስ ደግሞ የሚቆም። የ12 በመቶውን የኪራይ ጭማሪ ከዚህ ለይተው ይደራደሩበት። እሱ የገበያ ጉዳይ ነው፤ አካባቢው ላይ ካሬው ስንት እንደሚሄድ ጠይቀው ተገቢ ሆኖ ካገኙት ይቀበሉት። ከሴንሰር ጋር ግን አይገናኝም፤ ሁለቱ ምክንያት በአንድ ደብዳቤ ሲታሰሩ የትኛው ለምን እንደሚከፈል ይጠፋል።

እውነቱን ለመናገር ለተከራይ ትልቁን ገንዘብ የሚያድነው ስማርት ነገር መብራት ላይ አይደለም፣ ካሬ ላይ ነው። አምስተርዳም ያለው ዘ ኤጅ የተባለው ሕንፃ በ28,000 ገደማ ሴንሰሮቹ በዓለም ታውቋል፤ ዋናው ተከራይ፣ የሒሳብና የማማከር ድርጅቱ ዴሎይት ግን ወደ 2,500 ሠራተኞቹን በ1,000 ገደማ ጠረጴዛ አሠራ። የተረፈው ኪራይ ነው። የእርስዎ ትራንዚተሮች ቀኑን በጉምሩክና በደንበኛ ቢሮ የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ለሁለት ሳምንት ማን መቼ ወንበሩ ላይ እንደነበረ በወረቀት ይመዝግቡ። 120 ካሬው ወደ 100 መውረድ ከቻለ በወር 16,000 ብር ነው፤ ከየትኛውም አምፖል ይበልጣል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤትን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ ቢሮን አያድንም። የእናንተ መከላከያ ውሉ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል፤ ይህ ለሁለታችሁም ይሠራል። ያለው ውል እስኪያልቅ አከራዩ በደብዳቤ ብቻ አዲስ ክፍያ ሊጨምርባችሁ አይችልም፤ አንዴ የቴክኖሎጂ ክፍያ የሚል መስመር ያለበት አዲስ ውል ከፈረማችሁ ደግሞ ሲስተሙ ሠራም አልሠራ ትከፍላላችሁ። መደራደሪያው ጊዜ አሁን፣ ከፊርማው በፊት ነው። ሌሎቹን ተከራዮችም ያነጋግሩ፤ ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሷቸው ይሆናል።

እስከዚያው ከዛሬ ጀምሮ አሁን ያለውን ቆጣሪ በየሰኞ ጠዋት ፎቶ እያነሱ ያስቀምጡ፤ ጄኔሬተሩ የተነሳበትን ሰዓትም ይጻፉ። የሚያነጻጽሩት ብር ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓት ይሁን። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚሄድ ስለሆነ፣ ፍጆታዎ ቢቀንስም ሒሳቡ ሊጨምር ይችላል። አዲሱ ሲስተም ከመግባቱ በፊት የሦስትና አራት ወር ንባብ በእጅዎ ከሌለ፣ በኋላ ቆጥቧል ወይስ አልቆጠበም የሚለውን ማንም ሊያረጋግጥልዎት አይችልም።